በአንዲት ትንሽ አፍንጫ ላይ ያሉ ሁለት ግፊቶች

ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናትን ሕይወት ለማትረፍ የሚደረገው ጥረት በአገራችን ሆስፒታሎች እየሰፋ መጥቷል። ለዚህም ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች ዋነኛው ሲፓፕ በመባል የሚታወቀው የትንፋሽ መደገፊያ ነው። መሣሪያው በሕፃኑ አፍንጫ በኩል አየርና ኦክስጅን ያለማቋረጥ በመጠነኛ ግፊት እየላከ ሳንባው እንዳይጨማደድ ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ሕይወት በሚገባበት በዚያው በር ላይ ቁስል ሊፈጠር ይችላል። በሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች መካከል ያለችው ስስ ሥጋ ትቀላለች፣ ትላጣለች፣ ሲብስም ትሞታለች። በዚህ ጽሑፍ የምንሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው፤ ይህ ቁስል የዕድል ጉዳይ ሳይሆን የኃይል፣ የስፋትና የጊዜ ጉዳይ ነው። ስለሆነም አብዛኛውን መከላከል ይቻላል። መከላከያውም ውድ መሣሪያ ሳይሆን ልክ የሆነ ዕቃ፣ የሚያይ ዐይንና የሚለካ እጅ ነው።

አንባቢ “የፊዚክስ መምህራንን ከሕፃናት አፍንጫ ጋር ምን አገናኛቸው?” ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሳችን ከዚህ ይከተላል።

ሳንባና የሳሙና አረፋ

በአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ትምህርት ተማሪዎቻችን የላፕላስን ሕግ ይማራሉ። በአንዲት ክብ የውኃ ወለል ውስጥ ያለው ግፊት ከወለሉ ውጥረት ጋር ይጨምራል፣ ከሬዲየሱ ጋር ደግሞ በተገላቢጦሽ ይለዋወጣል። ስለዚህ ትንሿ አረፋ ከትልቋ ይልቅ ተጨማዳ ለመጥፋት ትቸኩላለች። ሳንባችን በውስጡ እርጥበት ባላቸው እጅግ ብዙ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች የተሞላ በመሆኑ ይህ ሕግ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይፈትነናል። ጤናማ ሳንባ ፈተናውን የሚያልፈው ሰርፋክታንት የተባለ፣ የወለል ውጥረትን የሚቀንስ ንጥረ ነገር ስለሚያመነጭ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ግን ይህን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ማምረት ሳይጀምር ወደዚህ ዓለም ይመጣል።

ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄር ሚድ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ጉድለት እ.ኤ.አ. በ1959 ይፋ አደረጉ። ሕክምናው ግን ወዲያው አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከጊዜው አምስት ሳምንት ተኩል ያህል ቀድሞ ተወልዶ፣ የዘመኑ ከፍተኛ ሕክምና ሳይለየው፣ በተወለደ በ39 ሰዓት ገደማ በዚሁ ሕመም አረፈ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1971፣ ጆርጅ ግሪጎሪና ባልደረቦቹ በሳን ፍራንሲስኮ የማያቋርጥ ግፊት በመስጠት ካከሟቸው 20 ሕፃናት 16ቱ መትረፋቸውን አስታወቁ። የሲፓፕ ታሪክ ከዚህ ይጀምራል።

ለእኛ አገር ዓይነት ሆስፒታል የሚስማማው ባለ አረፋው ሲፓፕ ነው። አሠራሩ ቀላልና የሚያምር ነው። ከሕፃኑ የሚመለሰው ቱቦ ጫፍ በውኃ ጠርሙስ ውስጥ ይጠመቃል፤ የጥምቀቱ ጥልቀት 6 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት 6 ሴንቲ ሜትር ውኃ ይሆናል ማለት ነው። አረፋው መንደቅደቁ ግፊቱ መኖሩን ይነግረናል። በማላዊ ብላንታየር ከተማ በሚገኘው የንግሥት ኤልሳቤጥ ሆስፒታል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት፣ በዚህ ዘዴ ከታከሙት ጨቅላ ሕፃናት 71 በመቶው ሲተርፉ፣ በአፍንጫ ኦክስጅን ብቻ ከተሰጣቸው የተረፉት 44 በመቶ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ሲፓፕ ለሚያስፈልጋቸው ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ባለ አረፋው ሊመረጥ እንደሚችል ገልጿል።

የአገራችን ፍላጎት ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 እስከ ግንቦት 2018 በጥቁር አንበሳ፣ በቅዱስ ጳውሎስ፣ በጋንዲ መታሰቢያ፣ በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሎች በተካሄደ ሰፊ ጥናት፣ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕክምና ክፍል ከገቡት 3,852 ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት 1,109ኙ በ28 ቀን ውስጥ ሞተዋል። ለሞት ዋነኛ ምክንያት ሆኖ የተገኘው፣ ከጠቅላላው 45 በመቶውን የያዘው፣ ከላይ የገለጽነው የሳንባ አለመብሰል ችግር ነው። ሁለተኛው፣ 30 በመቶውን የያዘው፣ ኢንፌክሽን ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንባቢ እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለንና።

ሁለቱ ግፊቶች

በአንድ ሲፓፕ ላይ ባለ ሕፃን አፍንጫ ሁለት ግፊቶች ይገኛሉ። የመጀመሪያው በጠርሙሱ ላይ የሚነበበው የአየሩ ግፊት ነው። 6 ሴንቲ ሜትር ውኃ ማለት 590 ፓስካል ገደማ፣ ወይም ከ4 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ይህ ለቆዳ እምብዛም የሚያሰጋ አይደለም። ሁለተኛው ግፊት በየትኛውም መሣሪያ ላይ አይነበብም። እርሱም ቱቦው፣ ማሰሪያውና የአፍንጫው መሰኪያ በቆዳው ላይ የሚያሳርፉት ነው።

ይህን ሁለተኛውን ግፊት በቀላል ምሳሌ እናስላው። በአግባቡ ያልተደገፈ ቱቦ 30 ግራም ያህሉን ክብደቱን በአፍንጫው ላይ ጣለ እንበል። ይህ 0.3 ኒውተን ኃይል ነው። ኃይሉን የሚሸከመው ቆዳ ግማሽ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግፊቱ 6,000 ፓስካል፣ ማለትም 45 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። በጠርሙሱ ከሚነበበው አሥር እጥፍ ነው። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባን ከደም ግፊት ጋር ስናነጻጽረው ነው። ሐኪሞች እንደ ግምት የሚጠቀሙበት አንድ ደንብ አለ፤ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት አማካይ የደም ግፊቱ በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከእርግዝናው ሳምንታት ቁጥር ጋር ይቀራረባል። በ28 ሳምንቱ የተወለደ ሕፃን አማካይ ግፊት እንግዲህ 28 ገደማ ነው። በቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ከዚህም ያንሳል። ስለዚህ 45 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲጫነው ደም ወደዚያች ሥጋ አይደርስም። ለአጭር ጊዜ ከሆነ ቆዳው ይነጣል፣ ሲለቀቅም ይቀላል። ለሰዓታት ከሆነ ግን ይሞታል። በዚያ ላይ የሕፃኑ የላይኛው ቆዳ ገና ጥቂት ንጣፎች ብቻ ያሉት፣ ከሥሩ ካለው ቆዳም ጋር በወጉ ያልተጣበቀ ነው።

ይህ እውቀት ለእኛ ኅብረተሰብ እንግዳ አይደለም። ከእንጦጦ ጋራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ የኖሩ እናቶች ገመዱ ትከሻቸውን እንዳይቆርጠው ጨርቅ አጥፈው ከሥሩ ያደርጋሉ። ኃይሉ ያው ነው፤ ስፋቱን በማብዛት ግፊቱን ይቀንሳሉ። ባለ አህያውም ጭነቱ ካዘነበለና ንጣፉ ከሳሳ ከብቱ እንደሚገጠብ ያውቃል። ገጣባ የሚለው ቃላችን ራሱ የጭነትን፣ የስፋትንና የጊዜን ድምር በአንድ ስም የጠራ ነው። የሕፃኑ አፍንጫ ቁስልም ከባሕርዩ አንጻር ገጣባ ነው። ልዩነቱ ይህኛው ተሸካሚ አንድ ኪሎ ግራም የማይሞላ ሊሆን መቻሉና ሲያመው መናገር አለመቻሉ ነው።

አደገኛው ቅጽበት የቱ እንደሆነም ፊዚክሱ ይነግረናል። የጠርሙሱ አረፋ ድንገት ሲቆም ግፊቱ የሆነ ቦታ እየሾለከ ነው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ በጥድፊያ ውስጥ ያለ ሰው የሚወስደው የመጀመሪያ እርምጃ ማሰሪያውን ማጥበቅና መሰኪያውን ወደ ውስጥ መግፋት ሊሆን ይችላል። አረፋው ይመለሳል፤ የመጀመሪያው ግፊት ተስተካከለ። ሁለተኛው ግን ማንም ሳያየው ወደ ላይ ወጣ። ትክክለኛው መንገድ በቅድሚያ የሕፃኑ አፍ መከፈቱን፣ የመሰኪያው መጠን ማነሱን፣ የአየሩ ፍሰት መቀነሱንና የቱቦዎቹ መገጣጠሚያ መላላቱን መመርመር ነው። ማጥበቅ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መልስ መሆን የለበትም።

ከፍታውና ብርዱ

ከየካ ክፍለ ከተማ ሰፈሮች ቀና ብሎ ወደ እንጦጦ የሚመለከት ሰው በ3,200 ሜትር ከፍታ የተተከለውን የከዋክብት መመልከቻ ያስታውስ ይሆናል። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ወደዚያ የሚወጡት የአየሩ መሳሳት ለኮከብ ብርሃን ስለሚመች ነው። ለደካማ ሳንባ ግን ያው መሳሳት ሸክም ነው። በባሕር ጠለል 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሆነው የአየር ግፊት በ2,400 ሜትር ወደ 570፣ በመመልከቻው ሥፍራ ደግሞ ወደ 515 ይወርዳል። በመሆኑም በኮተቤ ወይም በጉራራ የተወለደ ሕፃን በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ዳርቻ ከሚወለደው ሦስት አራተኛ ያህሉ ብቻ ነው። የትንፋሽ ድጋፉን ሲጀምር ተጠባባቂ አቅሙ አስቀድሞ የሳሳ ነው።

ደግነቱ የጠርሙሱ ጥልቀት ከከፍታ ጋር አይለወጥም። 6 ሴንቲ ሜትር ውኃ በየካም በጅቡቲም ከአካባቢው አየር በላይ ያው 6 ሴንቲ ሜትር ነው። የሚለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ሙቀትና እርጥበት።

በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙሉ በሙሉ የረጠበ አየር በሊትር 44 ሚሊ ግራም ውኃ ይይዛል። በ15 ዲግሪ ግን ከ13 አይበልጥም፤ ከሲሊንደር የሚወጣው ኦክስጅን ደግሞ ጨርሶ ደረቅ ነው ሊባል ይችላል። እንዲህ ያለው አየር ሳይሞቅና ሳይረጥብ ወደ አፍንጫ ሲገባ የውስጠኛውን ስስ ሽፋን ያደርቀዋል፤ ንፍጡም ይጠነክራል፣ መተንፈሻው ይጠባል፣ የደረቀውም ሥጋ በቀላሉ ይላጣል። መድኃኒቱ አየሩን ማሞቅና ማርጠብ ነው። ነገር ግን የሞቀው አየር በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ በረጅም ቱቦ ሲጓዝ ውኃውን መንገድ ላይ ይጥላል። ክፍሉ 20 ዲግሪ ቢሆንና አየሩ እስከዚያ ድረስ ቢቀዘቅዝ፣ በደቂቃ 6 ሊትር በሚፈስ አየር ቱቦው ውስጥ በሰዓት 10 ግራም ያህል ውኃ ይጠራቀማል። በሦስት ሰዓት 30 ግራም መሆኑ ነው። ቀደም ሲል ያሰላነውን የ30 ግራም ሸክም እናስታውስ! በክረምት ሌሊት ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ እንግዲህ በአንድ ሕፃን አፍንጫ ላይ ክብደት ሆኖ ሊያርፍ ይችላል። ቱቦውን ከሕፃኑ ዝቅ ብሎ እንዲያዘነብል ማድረግ፣ ውኃውን በየጊዜው ማፍሰስ፣ ክፍሉን ማሞቅና የቱቦውን ክብደት በአልጋው ላይ ማሳረፍ ከዚህ ስሌት በቀጥታ የሚመነጩ መፍትሔዎች ናቸው።

“ከሞት መሰንበት” ለሚሉ

“ሕፃኑ ይዳን እንጂ የአፍንጫ ቁስል ምን ቁም ነገር አለው? ከሞት መሰንበት!” የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል። ክርክሩ በባዶ ሜዳ የቆመ አይደለም። ሁለት ሕፃናትን በአንድ ጊዜ ስለምትጠብቅና ስለተጨናነቀች ነርስ ስናስብ የትንፋሹ ጉዳይ መቅደሙን እኛም እንቀበላለን። ሆኖም ትንፋሹና ቆዳው ተነጣጥለው የሚታዩ አይደሉም።

አንደኛ፣ የቆሰለ አፍንጫ መሰኪያውን መሸከም ስለማይችል ሲፓፑ ይቋረጣል ወይም ይላላል። ሳንባው እንደገና ይጨማደዳል። ከላይ የጠቀስነው 45 በመቶ እዚህ ላይ ይነካል። ሁለተኛ፣ የተላጠ ቆዳ ለተሕዋስያን የተከፈተ በር ነው፤ በሁለተኛ ደረጃ የጠቀስነው 30 በመቶም ኢንፌክሽን እንደሆነ አይዘነጋም። ሦስተኛ፣ ሕፃኑ ይታመማል፤ ጥቂቶቹም ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ የአፍንጫ ጉድለት ይተርፋቸዋል።

ችግሩ የድሃ አገር ብቻም አይደለም። በስዊዘርላንድ ሎዛን ከተማ ሲፓፕ የተደረገላቸው 989 ጨቅላ ሕፃናት ተጠንተው እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ውጤት፣ 42.5 በመቶው የተለያየ ደረጃ ያለው የአፍንጫ ጉዳት ደርሶባቸው ነበር። ከተጎዱት አብዛኞቹ መቅላት ብቻ የታየባቸው ሲሆኑ፣ 11 በመቶ ያህሉ ቆዳቸው ተልጦ፣ ሦስቱ ደግሞ ሥጋቸው ሞቶ ተገኝቷል። ከ32 ሳምንት በፊት የተወለዱትና ከአምስት ቀን በላይ በመሣሪያው ላይ የቆዩት ይበልጥ ተጎጂዎች ነበሩ። ከጉዳቱ 90 በመቶው የታየው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ቀናት ውስጥ ነው። ከዚህ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። ሀብት ብቻውን አፍንጫን አያድንም፤ ብዙው ጉዳት ግን በመቅላት ስለሚጀምር በጊዜ ያየው ሰው ሊያስቆመው ይችላል።

ሳይቃጠል በቅጠል

መከላከያው በአመዛኙ የታወቀ ነው። ለሕፃኑ ክብደትና ለአፍንጫው ቀዳዳ ልክ የሆነ መሰኪያ መምረጥ ይገባል፤ ትንሹ ስለሚሾልክ ማጥበቅን ያስከትላል፣ ትልቁ ቀዳዳውን ወጥሮ ቆዳውን ያነጣል። በመሰኪያው ድልድይና በመካከለኛዋ ሥጋ መካከል 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ሁልጊዜ ሊታይ ይገባል። ኮፍያው ልክ ሆኖ፣ ቱቦዎቹም ግራና ቀኝ ተደግፈው ጭንቅላቱ ሲዞር አብረው የሚዞሩ መሆን አለባቸው። የሕፃኑን ቆዳ የሚሸፍን ሃይድሮኮሎይድ የተባለ ለስላሳ ልባጭ ጉዳትን እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ይህ የእንጨት ተሸካሚዎቹ እናቶች የጨርቅ እጥፋት ዘመናዊ ወንድም ነው። የአፍንጫ ጭንብልም ከመሰኪያ ያነሰ ጉዳት ያደርሳል፤ ሁለቱን ማፈራረቅ ደግሞ ሸክሙ በአንድ ቦታ እንዳይቆይ ይረዳል። ከሁሉም በላይ በየሦስት ወይም በየአራት ሰዓቱ መሰኪያውን አንስቶ ቆዳውን በብርሃን ማየትና ያዩትን መጻፍ ያስፈልጋል። ኃይልን መቀነስ፣ ስፋትን መጨመር፣ ጊዜን ማሳጠር፤ ዝርዝሩ ሁሉ በእነዚህ ሦስት ቃላት ይጠቃለላል።

ታዲያ የታወቀ ነገር ለምን አይፈጸምም? አንዱ ምክንያት የምንቆጥረው ነገር ነው። መሣሪያ ሲገዛ ወይም በእርዳታ ሲገኝ የሚቆጠረው ማሽኑ ነው። አምስት ማሽን ገባ ይባላል። ከእያንዳንዱ ማሽን ጋር በየመጠኑ ስንት መሰኪያ፣ ስንት ኮፍያና ስንት ልባጭ እንደገባ፣ ሲያልቅስ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አንድ መጠን ያለው መሰኪያ ብቻ በቀረበት ክፍል ውስጥ ሁሉም ሕፃን ያንኑ መጠን ይለብሳል። ይህን የነርሷ ስንፍና አድርጎ መቁጠር ፍትሐዊ አይደለም። ስለዚህ የሚከተሉትን አራት ሐሳቦች እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፣ የሲፓፕ ግዢ ማለት የማሽን ግዢ ብቻ መሆኑ ይቅር። በሁሉም መጠን ያሉ መሰኪያዎች፣ ኮፍያዎችና ልባጮች ቢያንስ ለአንድ ዓመት የሚበቃ አቅርቦት የማይነጠል የግዢው አካል ይሁኑ።

ሁለተኛ፣ የአፍንጫው ቆዳ ሁኔታ እንደ ትንፋሽና እንደ ሙቀት በሕፃኑ ሰንጠረዥ ላይ ቋሚ ረድፍ ይኑረው። የማይመዘገብ ነገር አይሻሻልም።

ሦስተኛ፣ እናት ትግባ። ሕፃኗን ሰዓታት ሙሉ የምትመለከት እናት ከየትኛውም መሣሪያ የበለጠች ጠቋሚ ናት። ምን እንደምታይ በአጭሩ ቢነገራት፣ ማለትም መቅላትን፣ የክፍተቱን መጥፋትና የቱቦውን መንሸራተት፣ ነርሷን በጊዜ ትጠራለች። ማሰሪያውን እንድትነካ ሳይሆን እንድታይና እንድትናገር ነው የምንለው።

አራተኛው ሐሳብ የራሳችንን ቤት የሚመለከት ነው። በአምስት ኪሎና በጅማ የባዮሜዲካል ምሕንድስና ትምህርት ይሰጣል። በየካ የሚገኘው የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ የነገዎቹን የሳይንስ መምህራን ያፈራል። በእኛ ቤተ ሙከራ ተማሪዎች ስለ ግፊት ሲማሩ የኖሩት በጡብና በአሸዋ ነው። ለምን በአንድ የጎማ አሻንጉሊት አፍንጫ ሥር ስስ የኃይል መለኪያ አስገብተው፣ ማሰሪያው አንድ እርምጃ ሲጠብቅ ግፊቱ ምን ያህል እንደሚጨምር አይለኩም? ውኃ የተጠራቀመበትና ያልተጠራቀመበት ቱቦ የሚያሳርፈውን ልዩነት ለምን በሰንጠረዥ አያወጡም? እንዲህ ያለው መለኪያ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ውጤቱ ደግሞ ለነርሶች ሥልጠና እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ዐይን የማያየውን ሁለተኛውን ግፊት በቁጥር ያሳያልና። ዶክትሬታችንን በሠራንበት ባሕር ማዶ ፊዚሲስቱና ሐኪሙ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣቸው የተለመደ ነበር። በአዲስ አበባም ከቤተ ሙከራዎቻችን እስከ ሆስፒታሎቹ ያለው መንገድ የታክሲ ጉዞ ብቻ ነው።

አገራችን ወደ ሰማይ የምትመለከትበትን መነጽር በእንጦጦ አናት ላይ መትከሏ ያስደስተናል። ከዚያው ጋራ ግርጌ ደግሞ ግማሽ ካሬ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ሥጋ የሳይንስን ትኩረት ይጠብቃል። ስሌቱ ከአንደኛ ዓመት ትምህርት አያልፍም፤ ልባጩና መሰኪያውም ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸሩ ኢምንት ናቸው። የቀረው የትኛውንም ሕፃን ከሲፓፕ ጋር ባገናኘን ቁጥር ከጠርሙሱ ላይ አንዱን ግፊት ካነበብን በኋላ ጎንበስ ብለን ሁለተኛውን መፈለግ ነው።